ፊኛው ከወጣ ሽንቱ በየት፣ አልጋውስ እንዴት? አራት አማራጮች ከከተማ ዳር ሲታዩ

በካንሰር ምክንያት ፊኛዬ ከወጣ 4 ዓመት አለፈው። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፦ ሐኪም ቤት ምርጫ ሲቀርብልኝ ስለ ደረጃውም ሆነ ስለ ውሃው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ አልጋ ነገርማ ጭራሽ አልተነሳም። "ሽንትዎ በሆድዎ በኩል ይወጣል" አሉኝ፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዝም አለች። ምን ልትጠይቅ እንደነበር የነገረችኝ ከ5 ወር በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ያንን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅ ለሚችሉ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ውሳኔው ከሐኪምዎ ጋር የሚደረስ ነው። ግን ምን ብለው እንደሚጠይቁ አውቀው ቢገቡ ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ፊኛው የግድ መውጣት አለበት?

የፊኛ ካንሰር ሁሉ ፊኛ አያስወጣም። በሽታው ሲገኝ ከ4 ሰው በ3ቱ ገደማ ዕጢው ገና የፊኛውን ጡንቻ አልነካም። እንዲህ ከሆነ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል፤ እንዳይመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢሲጂ ፊኛው ውስጥ ይጨመራል። ያው ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የቲቢ ክትባት ነው። በሳምንት 1 ጊዜ ለ6 ሳምንት ይሰጣል፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው ይደገማል። መድኃኒቱ 2 ሰዓት ያህል ፊኛ ውስጥ ቆይቶ ይሸናል። ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ በቀጣዮቹ 6 ሰዓታት ወንዱም ቁጭ ብሎ መሽናት፣ ከዚያ በረኪና ጨምሮ 15 ደቂቃ ጠብቆ ውሃ መድፋት አለበት። ሽንት ቤቱ የጋራ በሆነበት ግቢ ይህ ወሬ ያስነሳል፤ ቢሆንም በረኪናዎን ይዘው ይግቡ። ግንኙነት ለ48 ሰዓት የለም፣ ከዚያ እስከ ሳምንቱ በኮንዶም ነው። በየሳምንቱ ስለሚሰጥ፣ በአጭሩ እስኪያልቅ ድረስ ኮንዶም ማለት ነው።

ዕጢው ጡንቻው ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው እዚያ የደረሰን ሰው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወጣትነትዎን በታችኛው አዋሽ ሸለቆ ወይም በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ካሳለፉና ያኔ ደም ሸንተው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩ። እዚያ የሚገኘው የፊኛ ቢልሃርዚያ የሚያስከትለው ካንሰር ዓይነቱ ሊለይ ይችላል፣ አማራጩንም ይለውጣል።

በምን እንመዝን?

ሐኪሙ የሚመዝነው የታወቀ ነው፦ ዕጢው የት ደረሰ፣ ኩላሊት ምን ያህል ይሠራል፣ አንጀት ጤነኛ ነው ወይ። ይህ ቀድሞ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱን አማራጭ ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል።

የቀረውን የምንመዝነው እኛ ነን። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ግቢው ጥግ? ሌሊት መነሳት ይችላሉ? ለክትትል ከተማ መሃል ስንት ጊዜ መመላለስ ይችላሉ፣ በምን ገንዘብ? በየወሩ ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር ለዕድሜ ልክ ይቻላል? ጣትዎ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይንዎ ያያል? አልጋውስ፦ ግንኙነት ለእርስዎና ለትዳር ጓደኛዎ ምን ያህል ቦታ አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ "በዚህ ዕድሜ ደግሞ" ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። እኔም ብዬ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

እኔና ወረፋ ላይ የተዋወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ "ከረጢት ከሆድህ ላይ ከተለጠፈ ወንድነት አለቀ፤ ከአንጀት አዲስ ፊኛ ከተሠራልህ ግን እንደ ድሮህ ነህ" ብለን እናስብ ነበር። እንዲያ አይደለም። አልጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ፊኛው ሲወጣ የሚቆረጠው ነገር ነው፤ ሽንቱ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል።

በወንድ ላይ ፊኛ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የዘር ፈሳሽ የሚያመነጩት ፕሮስቴቱና የውስጥ ከረጢቶቹ (የዘር ፍሬዎቹ አይደሉም) አብረው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የዘር ፈሳሽ የለም። መውለድ የሚፈልግ ሰው ዘር ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጠይቅ። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ደግሞ ከፕሮስቴቱ ግራና ቀኝ ተለጥፈው የሚያልፉ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ካንሰሩ ካልቀረባቸው ቀዶ ሐኪሙ ሊያተርፋቸው ይሞክራል፤ ከቀረባቸው አብረው ይሄዳሉ። ቢተርፉም ወዲያው አይነቁም፤ 1 ዓመት፣ አንዳንዴ 2 ዓመት ይፈጃሉ። የመርካት ስሜት ግን በሌላ ነርቭ የሚሄድ ስለሆነ ብልት ባይቆምም፣ ፈሳሽ ባይኖርም ሊኖር ይችላል። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ 5 ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ባልተኛሁ።

በሴት ላይ ማኅፀኑ፣ ብዙ ጊዜም እንቁላል የሚያመርቱት ኦቫሪዎችና የብልት የፊተኛው ግድግዳ በከፊል ይወጣሉ። ብልቱ ያጥራል ወይም ይጠባል፣ ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማል። ኦቫሪው ከወጣና ማረጥ ገና ያልደረሰች ከሆነች የሙቀት ስሜቱና የእንቅልፍ ማጣቱ በአንድ ጊዜ ይመጣባታል። እዚህም ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ግን ሴቲቱን ስለ ግንኙነት የሚጠይቃት ሐኪም ከወንዱም ያነሰ ነው። ባለቤቴ ተራ ስትጠብቅ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስታወራ የሰማችው አንድ ዓይነት ነው፦ "እኔን ማን ጠይቆኝ!"

ስለዚህ ስለ ከረጢት ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ "ነርቩን ማትረፍ ይቻላል? ካልተቻለ ለምን? ማኅፀኗ፣ ኦቫሪዋ፣ የብልቷ ግድግዳ የግድ መነካት አለበት?" መልሱ "አይቻልም፣ ካንሰሩ ቀርቧል" ሊሆን ይችላል። እሱም መልስ ነው።

አማራጭ 1፦ ፊኛን ሳያወጡ ማከም

ዕጢው በተቻለ መጠን ይፋቃል፣ ከዚያ ጨረርና ኬሞ አብረው ይሰጣሉ። ጨረሩ በ20 ወይም በ32 ቀን ተከፋፍሎ፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ለሁሉም አይሆንም፦ ዕጢው 1 ብቻ ሲሆን፣ ኩላሊቱን ዘግቶ ካላሳበጠ፣ ፊኛው ራሱ ደህና የሚሠራ ከሆነ ነው የሚመከረው። ሽንት በድሮው መንገድ ይወጣል። የወንዱ አቅም ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ እዚህ የመትረፍ ዕድሉ ይበልጣል፣ ግን ጨረር ደም ሥሮችን ቀስ እያለ ስለሚጎዳ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። በሴት ላይ ጨረሩ ብልትን ሊያደርቅና ሊያጠብ ይችላል፤ ማስፊያ መሣሪያ ስለመጠቀም አስቀድማ ትጠይቅ።

ከከተማ ዳር ሲታይ ችግሩ መንገዱ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውን የማያውቅ የለም። ከኮዬ ፈጬ ጠዋት 11 ሰዓት ወጥቶ በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ ለ32 ቀን መመላለስ፣ ያውም ሽንት እያጣደፈ፣ በሚኒባስ። መሃል ከተማ ዘመድ ካለዎት ለወር ተኩል ያስጠጋዎት እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቁ። ሕክምናው ካለቀም በኋላ ፊኛውን በካሜራ ማየት ዕድሜ ልክ ነው፤ ካንሰሩ ከተመለሰ ፊኛው ያኔ ይወጣል። "ክትትሉን እተዋለሁ" የሚል ሰው ይህን አይምረጥ።

አማራጭ 2፦ የሆድ ላይ ከረጢት

የእኔ ይህ ነው። ከትንሹ አንጀት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥና የኩላሊት ቧንቧዎቹ ይገጠሙበታል፤ አንደኛው ጫፍ ከእምብርት በስተቀኝ በኩል በቆዳ ይወጣል። ሽንት ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል፣ የተለጠፈው ከረጢት ይቀበለዋል። ብሪከር የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1950 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ያስተዋወቀው ነው፤ ከቀሩት ሁለቱ የቀዶ ሕክምና አማራጮች ይልቅ ቀዶው አጭር፣ ችግሩም ያነሰ በመሆኑ እስከ ዛሬ በብዛት ይሠራል። ኩላሊቱ ደከም ላለ ሰውም ይሆናል።

የቀን ኑሮው እንዲህ ነው። ከረጢቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ሲሞላ ከታች ከፍቼ እደፋለሁ። በ3 ወይም በ4 ቀን እቀይረዋለሁ፤ ለዚህ 1 ጆግ ንጹሕ ውሃ ይበቃኛል። ሌሊት ረጅም ቱቦ እቀጥልና አልጋው ሥር ወዳለ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እለቀዋለሁ፤ እስኪነጋ እተኛለሁ። ነጭ ዝልግልግ ነገር በሽንቱ ውስጥ ሲያዩ አይደንግጡ፤ አንጀት ስለሆነ ንፍጥ ያመነጫል። የሚያስቸግረው ቆዳው ነው፤ ሽንት ከተለጠፈው ሥር ከገባ ያቆስላል። ጀሪካን ተሸክሞ 4 ፎቅ መውጣትም ለእኔ ቀርቷል፣ በቀዳዳው ዙሪያ አንጀት ገፍቶ እንዳይወጣ።

ትልቁ ጭንቅ አቅርቦቱ ነው። ከረጢቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ወር ይገኛል፣ አንዱ ወር "አልገባም" ይባላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፋርማሲ ዞረው ዋጋውንም መኖሩንም ይጠይቁ፣ የተወሰነ ወር ስንቅ ይያዙ። የጤና መድን ካለዎት ይሸፍን እንደሆነ ሳይተኙ ያረጋግጡ።

አልጋ ላይስ? ከረጢቱ ባዶ ይደረጋል፣ አጠፍ ይደረግና በጨርቅ ይሸፈናል። ባለቤቴ ካረጀ ነጠላዋ ጥለቱ ያለበትን ጫፍ ቆርጣ እንደ መቀነት ሰፋችልኝ፤ ከረጢቱን አቅፎ ይይዘዋል፣ ፕላስቲኩም ቆዳ ላይ አይጮህም። በጎን መተኛት ይቀላል። ቀዳዳው ሲነካ አያምም፣ ምንም ነገር ግን አይገባበትም።

አማራጭ 3፦ ከአንጀት የሚሠራ አዲስ ፊኛ

እዚህ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አንጀት ተወስዶ እንደ ኳስ ይሰፋና በድሮው ፊኛ ቦታ ይገጠማል። ሽንት በተፈጥሮው መንገድ ይወጣል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ ብዙ ሰው በስሙ ብቻ ይመርጠዋል።

ግን አዲሱ ፊኛ "ሞላሁ" ብሎ አይጣራም። በሰዓት ነው የሚሸናው፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ሆድን እየገፉ። ክትትል ላይ የተዋወቅኩት የሱሉልታ ሰው ይህ ነው ያለው፤ ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ይጮሃል። "ሚስቴ ለጸሎት የምነሳ እየመሰላት አብራኝ ትነሳ ነበር" ብሎ አስቆናል። ቀን ቀን ሽንት መያዝ ለአብዛኛው ሰው በ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይስተካከላል። ሌሊቱ ይዘገያል፣ ጭራሽ የማይስተካከልለትም አለ። ሴቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሊመጣ ይችላል፦ አልሸና ይልና ራሳቸው ካቴተር (ሽንት የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ) እያስገቡ ማውጣት ይኖርባቸዋል። ይህን መሥራት የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ይህን አማራጭ ባይነካው ይሻላል። ኩላሊቱ የደከመና ካንሰሩ ወደ ሽንት ቧንቧው የቀረበ ሰውም አይሠራለትም። አንጀቱ ከሽንቱ አሲድ መልሶ ስለሚመጥ ደም ምርመራ ዕድሜ ልክ ነው፤ ቫይታሚን ቢ12ም ይታያል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት፣ አንሶላ በየማለዳው የማጠብን ነገር አስቡት። ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነም ሌሊት 2 ጊዜ መውጣት አለ፤ ክረምት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ውሻው ሲጮህ።

አልጋ ላይ ገላው እንደነበረ ስለሚታይ ድፍረቱ ይቀላል። በስሜት ሰዓት ሽንት ሊያመልጥ ይችላል፤ ቀድሞ መሽናት፣ ፎጣ ማንጠፍ። ነርቩ ካልተረፈ ግን ብልት የመቆሙ ነገር ከእኔ የተለየ አይደለም። በከረጢትና በአዲስ ፊኛ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በአጠቃላይ ኑሮ እርካታ አንዱ ሌላውን በግልጽ ሲበልጥ አላሳዩም።

አማራጭ 4፦ በቱቦ የሚቀዳ የውስጥ ቋት

አንጀቱ ሆድ ውስጥ ቋት ይሆናል፣ ትንሽ ቀዳዳ በቆዳ ይወጣል። ከረጢት የለም፤ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ካቴተር አስገብቶ መቅዳት ነው። ቀዶው ከባድ ነው፣ ዳግም ኦፕራሲዮን የመፈለግ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ካቴተር ማለቅ፣ ውሃ መጥፋት፣ መንገድ መዘጋጋት ባለበት ኑሮ አልመክረውም። ከረጢት በፍጹም የማይዋጥለት፣ አዲስ ፊኛም የማይሆነው ሰው ብቻ ይጠይቅበት።

| መስፈርት | ፊኛን ማቆየት | ከረጢት | አዲስ ፊኛ | የውስጥ ቋት |
|---|---|---|---|---|
| የወንድ አቅም | የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ፣ ቆይቶ ሊደክም ይችላል | በነርቩ መትረፍ ይወሰናል | በነርቩ መትረፍ ይወሰናል | በነርቩ መትረፍ ይወሰናል |
| የሴት ብልት | መድረቅ፣ መጥበብ | በሚቆረጠው መጠን | በሚቆረጠው መጠን | በሚቆረጠው መጠን |
| ሌሊት | ሽንት ሊያመላልስ ይችላል | ቱቦ ተቀጥሎ ይተኛል | በሰዓት መነሳት፣ ማምለጥ | መነሳት ሊኖር ይችላል |
| የውሃ ፍላጎት | እንደ ድሮው | ትንሽ | ለአንሶላና ለልብስ ብዙ | ካቴተር ለማጠብ ንጹሕ ውሃ |
| ቋሚ ግዢ | የለም ማለት ይቻላል | ከረጢት ዕድሜ ልክ | መጀመሪያ ላይ ዳይፐር፣ ለአንዳንዱ ካቴተር | ካቴተር ዕድሜ ልክ |
| ምልልስ | እጅግ ብዙ | መካከለኛ | ብዙ | ብዙ |
| ኩላሊት ከደከመ | የኬሞው ዓይነት ይለወጣል | ይሆናል | አይሆንም | አይሆንም |

ለማን የትኛው?

ዕጢው 1 ብቻ ከሆነ፣ መሃል ከተማ መጠጊያ ካለ፣ ለትዳሩም ይህ ነገር ትልቅ ቦታ ካለው፣ ፊኛን ስለማቆየት ሳይጠይቁ ለቀዶ አይፈርሙ። ዕድሜ የገፋ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ውሃና ሽንት ቤት የሚያስቸግረው ሰው ከረጢቱ ይቀለዋል፤ ወርኃዊ ወጪውን ግን ልጆች ተነጋግረው ይከፋፈሉት። ገና ብርቱ የሆነ፣ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ያለው፣ በሰዓት መኖር የማይከብደው፣ ሥራው ሸሚዝ አውልቆ የሚሠራበት ሰው ደግሞ አዲሱን ፊኛ ይመልከት። ከረጢት ያስጠላኛል ብቻ ብሎ መምረጥ ግን አያዋጣም፤ ከረጢቱን በ3 ወር ይለምዱታል፣ እርጥብ አንሶላ በ3 ወር አይለመድም።

ጾምን በተመለከተ፦ አንጀት በሽንት መንገድ ከገባ በኋላ ውሃ በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል፣ በቀን 2 ሊትር እና ከዚያ በላይ። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያነጋግሩ፤ የእኔ ንስሐ አባት ተናግሬ ሳልጨርስ ነው የፈቀዱልኝ።

ከዚያ በኋላ፣ በሁለት ሰው መካከል

ባለቤቴ ከ5 ወር በኋላ የጠየቀችኝ ይህን ነበር፦ "ይዞብኝ ይሆን?" አይይዝም። ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም። እኔ የራቅሁት አፍሬ፣ እሷ የራቀችው ፈርታ፣ አንድ አልጋ ላይ።

መድኃኒት አለ። ሲልዴናፊል፣ ብዙዎች ቫያግራ የሚሉት፣ ነርቩ በከፊልም ቢሆን ከተረፈ ይረዳል፤ ጭራሽ ከተቆረጠ ብዙም አይሠራም፣ ያኔ የአየር ፓምፕ ወይም ብልት ላይ የሚወጋ መርፌ ይጠየቃል። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል፤ ክትፎ በልቶ ከጠገቡ በኋላ ግን ይዘገያል። ለልብ ሕመም ምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሬት የሚወስድ ሰው በፍጹም አይንካው፣ ሊገድል ይችላል። ከኪዮስክና ከሰው እጅ አይገዛም። ለሴቷ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ፣ ሐኪም ከፈቀደም በብልት የሚደረግ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) አለ፤ ቫዝሊን ኮንዶም ሊቀድድ ይችላል። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ያቁሙ፤ ፊኛውን የጎዳው እሱ ሊሆን ይችላል፣ የብልትን ደም ሥርም እሱ ይዘጋል።

ከረጢት ከመረጡ አንድ ነገር በጊዜው ያስደርጉ። ከቀዶው በፊት ባለው ቀን ሲስተሯ እስክሪብቶ ይዛ መጣች፤ ጋደም ባልኩበት ልታመለክት ስትል "ቆይ፣ አባባ ይቀመጡ" አለች ሌላዋ። ተቀመጥኩ። ሆዴ ሁለት ቦታ ታጠፈ። "ቀበቶዎን የት ነው የሚያስሩት? በርጩማ ላይ ሲቀመጡስ?" አለችኝ፣ ሱሪዬን አልብሳ፣ ጎንበስ አስብላ፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ወጣ ያለች፣ እኔም አጎንብሼ የማያት ቦታ ላይ ክብ ሠራች። ከረጢቱ እስከ ዛሬ እዚያው ላይ ነው፣ ቀበቶዬም አይነካውም።